የ«ብርሃን በዓላት» ትምህርት በወላይታ ሕፃናት ፊት ሲመረመር

ለሕፃናት በሚዘጋጁት የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ «የብርሃን በዓላት» የሚል አርእስት ያለው ምዕራፍ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ምዕራፉ በየአገሩ የሚቀርብበት መልክ እምብዛም አይለያይም። በመጀመሪያው ገጽ የክርስቲያኖች የልደት ሻማ ይሣላል፤ ቀጥሎ የአይሁድ የሐኑካ መቅረዝ፤ ከዚያም ሕንዶች በዲዋሊ ሌሊት በየደጃፋቸው የሚደረድሩት የሸክላ መብራት፤ አንዳንድ ጊዜም የስዊድን ልጃገረዶች በቅድስት ሉቺያ ቀን በራሳቸው ላይ የሚደፉት የሻማ አክሊል ይጨመራል። ሥዕሎቹ ካለቁ በኋላ፣ ብርሃን ጨለማን ድል እንደሚያደርግ፣ ሃይማኖቶችም ሁሉ በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩት ይህንኑ አንድ ነገር እንደ ሆነ ለሕፃኑ ይነገረዋል። በመጨረሻም መቀስና ባለቀለም ወረቀት ይሰጠውና የሻማ ቅርጽ ቆርጦ በክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ ይታዘዛል።

ይህ ትምህርት በተለይ የተስፋፋው በእንግሊዝ አገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከምሥራቅ አፍሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች በፋብሪካ ከተሞች በሰፈሩ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ክርስትናን ብቻ ያስተምር የነበረው መምህር በፊቱ ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ልጆች ተቀምጠው አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሻፕ በምትባል መንደር ከተደረገ ጉባኤ የተነሣው፣ ኒኒያን ስማርትን የመሰሉ የሃይማኖት ታሪክ ሊቃውንት የነበሩበት ማኅበር የየሃይማኖቱን በዓላት የሚዘረዝር የቀን መቁጠሪያ ለመምህራን ያሳትም ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የበርሚንግሃም ከተማ ከክርስትና ሌላ ያሉትንም ሃይማኖቶች የሚያስተምር ሥርዓተ ትምህርት አወጣች፤ በዚያው ውስጥ ኮሙኒዝም ሳይቀር እንደ አንድ የኑሮ እምነት እንዲጠና በመደረጉ የተነሣው ክርክር የዋዛ አልነበረም። «የብርሃን በዓላት» የተባለው ምዕራፍ ያደገው በዚህ አየር ውስጥ ነው።

የአዘጋጆቹን አሳብ ማናናቅ ተገቢ አይሆንም። በሌስተር ከተማ የሚኖር የሂንዱ ልጅ እናቱ ማታ የምታበራውን የሸክላ መብራት በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ተሥሎ ሲያይ የሚሰማው ደስታ ትንሽ ነገር አይደለም። ጎረቤቱም በሚያየው ነገር ከመሳቅ ይልቅ ስሙን ማወቁ ጥቅም ነው። ትችቱ የሚነሣው ምዕራፉ ከዚህ አልፎ ሲሄድ ነው፤ ይኸውም በዓላቱን ካስተዋወቀ በኋላ ስለ ትርጉማቸው ፍርድ ሲሰጥና ሁሉም አንድ ናቸው ብሎ ሲደመድም ነው። ይህ ፍርድ በራሱ በምዕራፉ ምሳሌዎች ቢመዘን እንኳ አይቆምም፤ ወደ ወላይታ ሶዶ ክፍል ሲገባ ደግሞ ስሕተት ከመሆን አልፎ የሚጎዳው ሕፃን አለ።

ለምሳሌ ሐኑካ ይወሰድ። በዓሉ የሚያስታውሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ የንጉሥ አንጥያኮስን ሠራዊት ተዋግተው የረከሰውን የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እንደ ገና የቀደሱበትን ቀን ነው። «ሐኑካ» ማለትም መቀደስ፣ መመረቅ ማለት ስለ ሆነ፣ በአማርኛ የሚቀርበው ትርጉም «ቅዳሴ ቤት» ነው፤ የደብሩን ቅዳሴ ቤት በየዓመቱ የሚያከብር የኦርቶዶክስ ልጅ ይህን ቢነገረው ያለ ሥዕል ወዲያው ይገባዋል። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያው ምእት ዓመት የጻፈው የአይሁድ ታሪክ ጸሓፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ በዓሉን «ብርሃናት» ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን ይህ ስም ለምን እንደ ተሰጠው ሲያስረዳ በግምት ይናገራል እንጂ ስለ መብራት ምንም አያነሣም። ለአንድ ቀን የሚበቃው ዘይት ስምንት ቀን መብራቱን የሚተርከው ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፈ መቃብያን ሳይሆን በኋለኛው በታልሙድ ነው። ሥርዓቱም ቢሆን የሚያስገርም ነው። የሐኑካ መብራት ሊታይ ብቻ ይበራል፤ በብርሃኑ ማንበብም ሆነ መሥራት አይፈቀድም፤ ስለዚህም ለአገልግሎት የሚሆን አንድ ትርፍ መብራት ከጎኑ ይቆማል። ከሁሉም በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ጦርነቱ የተነሣበት ምክንያት ነው። ንጉሡ በግዛቱ ያሉት ሕዝቦች ሁሉ ልማዳቸውን ትተው አንድ እንዲሆኑ አዘዘ፤ ከአይሁድም መካከል ትእዛዙን የተቀበሉ ብዙዎች ነበሩ፤ መቃብያን ግን እንቢ አሉ። እንደ ሌላው ሁሉ አንሆንም ያሉ ሰዎች በዓል፣ ሁሉም አንድ ነው ለሚለው ትምህርት ምሳሌ ሆኖ መቅረቡ የምዕራፉ አዘጋጆች ሳያስቡት የተናገሩት ቀልድ ይመስላል።

ለኢትዮጵያዊ መምህር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። መጽሐፉ «መቃብያንን ተመልከት» ቢለው፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ከግሪኩ መቃብያን ጋራ በስም እንጂ በታሪክ አንድ ስላልሆኑ፣ የቤተ መቅደሱን መታደስ ቢፈልግ አያገኘውም። የመቃብያንን ጦርነት የሚያገኘው «ዜና አይሁድ» በተባለው በዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ፣ በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከጥንት ሐኑካን አያከብሩም ነበር፤ ታላቁ በዓላቸው ሕጉ በተራራ ላይ የሚነበብበት ስግድ ነው። ሐኑካን የለመዱት ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ነው። ስግድም በተራው እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል መንግሥት በዓል ሆኖ በሕግ ታወቀ። እንግዲህ ስለ አይሁድ በዓል ለኢትዮጵያ ሕፃናት የሚያስተምር መጽሐፍ የውጭውን መቅረዝ ሥሎ የአገሩን ስግድ ቢተው፣ ከማን ዐይን እንደሚያይ ያስታውቅበታል።

የዲዋሊም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዳንዱ የሕንድ አገር ራማ ከስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበትን ያስብበታል፤ በደቡብ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ጨካኝ ገዥ የገደለበት ነው ይባላል፤ በቤንጋል ያው ሌሊት የካሊ አምልኮ ሌሊት ነው። ጃይኖች የመምህራቸውን የማሃቪራን ከዓለም መለየት፣ ሲኮች የጉሩ ሀርጎቢንድን ከጓልየር እስር ቤት መውጣት በዚያው ወቅት ያከብራሉ። በጉጅራት ያሉ ነጋዴዎች ደግሞ የአሮጌውን ዓመት ሒሳብ ዘግተው አዲሱን የሒሳብ መዝገብ በጸሎት ይከፍቱበታል። ይህ የመጨረሻው ነገር በሕፃናት መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይነገርም፤ ምናልባት ሒሳብ እንደ መብራት ለሥዕል ስለማይመች ይሆናል። ከወላይታ ጋራ ለማነጻጸር ግን ከመብራቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው የሒሳብ መዝገብ መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

የእስልምናን ገጽ ለመሙላት የሚደረገው ትግል ያሳዝናል። በእስልምና የብርሃን በዓል የሚባል ስለሌለ አዘጋጆቹ የግብፅ ልጆች በረመዳን ሌሊት የሚይዙትን ፋኖስ ያመጣሉ፤ ይህ ግን ሃይማኖቱ ያዘዘው ሥርዓት ሳይሆን የካይሮ ሰዎች ልማድ ነው። አንድ ሃይማኖት ለምዕራፉ የሚስማማ ነገር ባይኖረው፣ ጉድለቱ የሃይማኖቱ ሳይሆን የምዕራፉ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ ምዕራፉ በቅድሚያ የሚጋጨው ከሰማይ ጋራ ነው። በለንደን በታኅሣሥ ወር ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሕፃኑ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሊመሽ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ብርሃን ጨለማን አሸነፈ ሲባል በዐይኑ ያየው ነገር ነው። በወላይታ ሶዶ ግን ከዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። እዚህ የሚያስጨንቀው ጨለማ የክረምት ደመና ነው፤ ከዚህም ሰው የሚወጣው በመስከረም ነው። የመሬቱ መጠንከር፣ የወንዙ መጉደል፣ የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ገፎ መታየት፣ በክረምት ተለያይቶ የነበረ ዘመድ መገናኘት የበዓሉ እውነተኛ መሠረት ነው። ይህን የማያውቅ መጽሐፍ ደመራን ከሰሜን አውሮፓ ሻማ ጎን ሲያቆም ሁለቱንም ያሳስታል።

በደመራው ራሱ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነግረው፣ ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ ስታቃጥል፣ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ ያመለከታት ወደ ሰማይ ወጥቶ ወደ ምድር የተመለሰው ጢስ ነው። ነገሩ የጢስ ምልክት ነው እንጂ የብርሃን አይደለም። ሕዝቡም ደመራው ሲነድ የሚጠብቀው ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ነው፤ በማግስቱ ደግሞ በአመዱ ግንባሩን ያማትባል። ጢስ፣ አወዳደቅ፣ አመድ፤ ሦስቱም ከምዕራፉ ሥዕል ውጭ ናቸው። በዚህ ላይ «እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ» ይባል የለምን የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ቤተ ክርስቲያን «ብርሃነ ልደቱ»፣ «ብርሃነ ጥምቀቱ»፣ «ብርሃነ ትንሣኤው» ትላለች፤ በጥምቀት ደግሞ የበዓሉ ዋና ነገር ውኃ ነው። እንግዲህ በሰላምታው ውስጥ ያለው ብርሃን ከችቦው የወጣ ሳይሆን ለበዓላት ሁሉ የሚነገር የሃይማኖት ቃል ነው፤ ደመራ ባይኖርም ይነገር ነበር።

በአማራው አገር የሕፃናት የእሳት በዓል ከተፈለገ፣ ከመስቀል ይልቅ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ቡሄ ይቀርባል። በደብረ ታቦር የተገለጠው ብርሃን እስከ ሌሊት ስላበራ እረኞች መሽቷል ሳይሉ በሜዳ እንደ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደ ወጡ ይተረካል። ጅራፉ፣ ሆያ ሆዬው፣ ሙልሙሉ ሁሉ የልጆች ነው። ይሁን እንጂ እዚህም ቢሆን ችቦው ለመፈለጊያ ተበራ እንጂ ለምሳሌነት አልተበራም። ኅዳር 12 ቀን ስለሚደረገው የኅዳር ሲታጠን ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበት እሳት ነው፤ የከተማው ሰውም በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ጋራ አያይዞ ያስታውሰዋል። አንድ ሕዝብ በአንድ ዓመት ውስጥ እሳትን ለመፈለጊያ፣ ለምልክትና ለማጽጃ ያነዳል፤ እነዚህን ሁሉ «ብርሃን» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል አማርኛውን ራሱን አለማዳመጥ ነው።

በወላይታ የሚከበረው የዘመን መለወጫ ጊፋታ ይባላል፤ ትርጓሜውም መጀመሪያ ወይም በኵር እንደ ማለት ነው ይላሉ። በዓሉ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚገኘው እሑድ ይውላል። ቀኑን የሚለዩት የጨረቃን አካሄድ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጨረቃ የምትጠፋበትንና የምትሞላበትን ጊዜ እየተከታተሉ ወሩን ይቆጥራሉ። በወላይትኛ እሳት «ታማ»፣ ብርሃን «ፖኦ»፣ ጨለማ «ጡማ» ይባላል። ወጣቶች በምሽት እሳት አንድደው ይጨፍራሉና ለሥዕል የሚሆን ነገር አይጠፋም፤ ነገር ግን በጊፋታ ውስጥ በእርግጥ ትልቅ ሥራ ያለው ብርሃን ከተፈለገ፣ እርሱ ሽማግሌው ወደ ላይ አንጋጦ የሚያየው የጨረቃ ብርሃን ነው፤ ያም የዘመን ምልክት እንጂ የድል ምልክት አይደለም። በመስክ የሚነደው እሳት ከሕፃናቱ ዐይን ይገባል፤ መጽሐፉም ከዐይን የሚገባውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

የጊፋታ ክብደት ያለው ግን በዝግጅቱ ላይ ነው። ወንዶች ተማክረው የቅርጫ በሬ የሚገዛበትን ገንዘብ ዓመቱን በሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ። ቤት ይጠረጋል፤ ከሩቅ የሄደ ልጅ ይመለሳል። ያለፈው ዓመት ጠብ ወደ አዲሱ ዓመት እንዳይሻገር ሽማግሌዎች የተጣሉትን ያስታርቃሉ፤ ዕዳ ያለበትም ይጠየቃል። የጉጅራቱ ነጋዴ መዝገቡን ዘግቶ አዲስ የሚከፍትበት አሳብና የወላይታው ገበሬ ጠብና ዕዳ ይዞ ዘመን መሻገርን የሚጠላበት አሳብ፣ በመካከላቸው ባሕር ቢኖርም፣ በእርግጥ ሊነጻጸሩ የሚገባቸው ናቸው። ሕፃናትም ዕዳ ምን እንደ ሆነ፣ ተጣልቶ መታረቅ ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቃሉ። ምዕራፉ ሻማ ለማመሳሰል ሲደክም ይህን እውነተኛ ዝምድና አልፎት ሄዷል።

ስለ በዓል ምልክቶች ትርጓሜ የሚጠይቅ ሁሉ የፈረንሳዩ ሊቅ ዳን ስፐርበር በጋሞ ደጋ ከዶርዜዎች ዘንድ የተማረውን ቢያነብ ይጠቀማል። ዶርዜዎች የቋንቋ ዘመዶችና የቅርብ ጎረቤቶች ስለ ሆኑ ምስክርነታቸው ለወላይታ ሩቅ አይደለም። ስፐርበር በሥርዓታቸው ውስጥ ቅቤ በራስ ላይ የሚደረግበትን ምክንያት፣ በመስቀል በዓል ታላላቆቹ አደባባዩን የሚዞሩበትን መንገድ እየተከታተለ ትርጉሙን ሲጠይቅ፣ ልማዳችን ነው ከሚል መልስ በቀር እምብዛም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበትም ምልክት እንደ ቃል ፍቺ ያለው ነገር አይደለም፤ አንድ ምልክት ለአንድ አሳብ የቆመ ነው ብሎ መፍታት የሊቃውንት ልማድ እንጂ የባለቤቶቹ አይደለም የሚል ነው። አሳቡ በሁሉ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ ራሱም አንዳንድ ቦታ ከመጠን ያለፈ ይመስላል፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን ደመራን ስትተረጉም ባለቤት ሆና ነውና። ይሁን እንጂ፣ የስምንት ዓመት ልጅ «ይህ እሳት ምን ማለት ነው» ተብሎ ሲጠየቅ እውነተኛው መልስ «አያቴ ያነድዱ ነበር» ሊሆን እንደሚችል ስፐርበር ያስተምራል። በምዕራፉ መጨረሻ ያለው ጥያቄ ግን ለዚህ መልስ ነጥብ አይሰጠውም።

እስካሁን የተባለው ምዕራፉ ስለ በዓላቱ የሚሳሳት መሆኑን ያሳያል። በሶዶ ክፍል ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱን ለመረዳት የአገሩን የሃይማኖት ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ይበቃል። በወላይታ ምድር የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ይገኛል፤ ትውፊቱ የወላይታን ክርስትና ጻድቁ በዳሞት ገዥ በሞተለሚ ዘመን ካደረጉት ስብከት ጋራ ያያይዘዋል። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት ካዎ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን በከተሞች ተስፋፋች፤ በገጠሩ ግን ጦሳ የተባለውን የሰማይ አምላክ እያወቁ ለመናፍስት መሥዋዕት ማቅረብ ቀጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ሶዶ መጡ። ኢጣልያኖች በ1937 ካስወጧቸው በኋላ፣ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ የአገሩ ሰባኪዎች እየታሰሩና እየተገረፉ ስብከቱን ቀጠሉ፤ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ጥቂት ትተውት የሄዱት ማኅበር በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ጠበቃቸው። ሬይመንድ ዴቪስ ስለዚህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ አርእስቱ «እሳት በተራሮች ላይ» የሚል ትርጉም አለው። ዛሬ በወላይታ የሚበዙት ወንጌላውያን ናቸው፤ ኦርቶዶክሳውያን፣ ካቶሊካውያንና ሙስሊሞችም በአንድ ሰፈር አብረዋቸው ይኖራሉ።

እንግዲህ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ሕፃናት ይታሰቡ። የመጀመሪያው ከአባቱ ጋራ ደመራ ሄዶ፣ በአመድ ተማትቦ የመጣ ነው። ሁለተኛዋ ሙስሊም ናት፤ ጎረቤቶቿ እሳት ሲያነዱ ከአጥር ወዲህ ቆማ አይታለች። ሦስተኛው ከወንጌላዊ ቤት የመጣ ሲሆን፣ ቅድመ አያቱ ሃይማኖት ሲለውጡ የመናፍስቱን የአምልኮ ዕቃ ከቤት አውጥተው በእሳት ያቃጠሉ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ ከመሥዋዕት ጋራ የተነካካ ሥርዓት ሁሉ የቀረባቸው ናቸው። ለዚህ ልጅ በቤቱ ውስጥ የሚተረከው ታላቁ እሳት ያ የሚያቃጥል እሳት ነው። በዘመዳቸው ፊት የተሰደቡት፣ ከዕድር ከማኅበር የተገለሉት፣ አንዱን ነገር ከሌላው በመለየታቸው ነበር። መምህሩ መጥቶ «ሁሉም ብርሃን አንድ ነው» ሲለው፣ ቅድመ አያትህ ያንን ሁሉ የተቀበሉት በከንቱ ነው እንደ ማለት ይሆንበታል። ለመጀመሪያውም ልጅ ቢሆን፣ መስቀሉ ከሌሎች ሻማዎች መካከል አንዱ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ካህኑ ካስተማሩት ጋራ አይገጥምለትም። ሁለተኛዋ ደግሞ የማታውቀው የካይሮ ፋኖስ ተሰጥቷት፣ ይህ ያንቺ ነው ተብላለች። ትምህርቱ ሦስቱን ለማቀራረብ የተጻፈ ነው፤ ያደረገው ግን ሦስቱም በቤታቸው የሰሙትን እንዲጠራጠሩ ብቻ ነው።

ምናልባት ሕፃናትን እንዲህ ማክበድ አያስፈልግም፣ ሻማ መቁረጥ ምን ይጎዳል የሚል አንባቢ ይኖራል። የወላይታ ሰው ግን የትምህርት መጽሐፍ ልዩነትን ለማለስለስ ሲሞክር ምን እንደሚመጣ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም አንድ የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር። ቋንቋዎቹ በእርግጥ የተቀራረቡ ናቸው፤ የአዘጋጆቹም ምክንያት ወጪ መቀነስና ማቀራረብ ነበር። ነገር ግን ልጁ በመጽሐፉ ላይ ያገኘው ቃል እናቱ የማትናገረው ቃል በመሆኑ መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ በሶዶ በተነሣው ብጥብጥ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ተነሣ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የቋንቋውና የበዓላቱ ነገር በክብደት እኩል ነው ለማለት አይደለም። የስሕተቱ ዐይነት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ተመሳሳይነት ስላለ ብቻ ባለቤቶቹን ሳይጠይቁ አንድ ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ጭፍን አመለካከት ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለ ሃይማኖቶች ማስተማርና ሃይማኖትን ማስተማር የተለያዩ ስለ ሆኑ ድንጋጌው ስለ በዓላት መናገርን አይከለክልም። ነገር ግን «ሃይማኖቶች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው» የሚለው ፍርድ ራሱ የሃይማኖት ትምህርት ነው። ከቄሱም፣ ከሼኹም፣ ከወንጌላዊውም ትምህርት የተለየ አራተኛ እምነት ነው፤ ስለ ጠባዩም ገለልተኛ መስሎ ስለሚገባ ማንም አያስተውለውም።

የተሻለውን ትምህርት ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የሚነጻጸረው ነገር መብራት መሆኑ ቢቀርና፣ ሰዎች ዓመቱን እንዴት እንደሚዘጉና እንደሚከፍቱ፣ ቀኑን በምን እንደሚያውቁ፣ ማንን እንደሚጠሩ፣ ከማን ጋራ እንደሚታረቁ ቢጠየቅ፣ የሶዶ ሕፃናት ሁሉ የሚናገሩት ያገኛሉ። ጨረቃን ማየት የጊፋታ ሽማግሌዎችና የሙስሊሟ ልጅ አባት የጋራ ሥራ ነው፤ እርሷ ዒድ በጨረቃ መታየት እንደሚታወቅ ስትናገር ከጎኗ ያለው ልጅ አያቱም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ያስታውሳል። ይህ በፋኖስ ሥዕል የማይገኝ እውነተኛ ግንኙነት ነው። ልዩነቱም ሳይሸፈን መነገር አለበት፤ ደመራ ለምን እንደሚነድ በኦርቶዶክሳዊው ልጅ አፍ፣ በእርሱ ቤት ለምን እንደማይነድ ደግሞ በወንጌላዊው ልጅ አፍ ቢነገር፣ ሁለቱም እኩል ያደምጣሉ። ምንም ያላነደደ ልጅ የሚናገርበት ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ መኖር ይገባዋል፤ እስካሁን የለም።

የጊዜውም ነገር መታረም አለበት። ምዕራፉ በአውሮፓ ልማድ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሰጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሶዶ ስለ እሳት የሚጠይቅ ልጅ የለም። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት ግን ጊፋታና መስቀል በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከሩቅ የመጣው አጎት ገና አልተመለሰም፤ በቤት የቅርጫው ሥጋ አላለቀም፤ የደመራውም አመድ ከአደባባዩ አልተጠረገም።